እትየ ዘሀራና የባሕሩ ሳር

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትነግረኝ የሞተ ሰው ነው፤ ቀጥሎ የታመመ፤ መጨረሻ ላይ ያገባ። ባለፈው እሑድ ግን ሰላምታዋን እንኳን ሳትጨርስ፣ «እትየ ዘሀራ ሄደች እኮ» አለችኝ።

የዶርም ጓደኞቼ ጮክ ብለው ያወሩ ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በእኛ በመካነ ሰላም ስለ አንዲት ሴት «ሄደች» ከተባለ የት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዐረብ አገር ማለት ነው። እኔ ግን ጠየቅኩ።

«የት?»

«እዚሁ አጠገባችን ወደ ወግዲ ነዋ። ወንዝ ዳር መሬት ተከራይታ፣ ዕቃዋን በአይሱዙ አስጭና፣ በርሜሎቿን ሳይቀር ይዛ። ሾፌሩ በርሜሎቹን ሲያሸት 'ምን በድን ነው የምታስጭኑኝ' ብሎ ጥሏቸው ሊሄድ ነበር። ምነው፣ ትንፋሽሽ ጠፋ?»

«ምንም አይደለም፣ እማ። ደስ ብሎኝ ነው።»

እውነቴን ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ጓሮ ባዶ መሆኑን ሳስበው ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ከመከፋቱ ይልቅ እፎይታው በለጠ። ለምን እንደዚያ እንደቀለለኝ ለማስረዳት እትየ ዘሀራ ከዐረብ አገር ከተመለሰችበት ቀን መጀመር አለብኝ።

እትየ ዘሀራ የጎረቤታችን የአያ ሰይድ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ሲሞትባት ልጇን ሐያትን ለወንድሟ አደራ ሰጥታ ወደ ዖማን ሄደች። ስትሄድ የሐያት የወተት ጥርስ ገና አልተነቀለም ነበር፤ ስትመለስ ሐያት ከእናቷ ትረዝም ነበር። በዚህ መሐል እናትና ልጅ የሚያውቁት አንዳቸው የሌላቸውን ድምፅ ብቻ ነው። ሐያት የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች ብዙ ጊዜ አብረን ነበርን፤ ስለ እናቷ ስታወራ ስለ አንዲት ደግ የሩቅ ዘመድ የምታወራ ይመስል ነበር።

የመጣች ዕለት የአያ ሰይድ ቤት ሰው ሞላው። በእኛ አገር ከዐረብ አገር የተመለሰ ሰው ሻንጣ የሚከፈተው በሰው ፊት ነው። ለማን ምን እንደመጣ ሁሉም ያያል፤ ካላየም ይጠይቃል። ትንሹ ሻንጣ መጀመሪያ ተከፈተ። ለሐያት ጫማና ቦርሳ፣ ለአያ ሰይድ ሚስት ብርድ ልብስ፣ ለእኛ ለጎረቤቶቹ ቴምርና ሽቶ ወጣ። ሁሉም ሰው ግን የሚያየው በፕላስተር ዙሪያውን የተጠመጠመውን ትልቁን ሻንጣ ነበር። አያ ሰይድ ቢላዋ አመጡና ፕላስተሩን ቆረጡት።

ቤቱን የማናውቀው ሽታ ሞላው። ሻንጣው ውስጥ ያለው ጥቁር፣ የደረቀ፣ የተጨማደደ ነገር ነበር፤ አንዳንዱ የአሮጌ ቀበቶ ቁራጭ ይመስላል፣ አንዳንዱ የተበጣጠሰ መረብ።

«ወርቁ ከሥር ይሆናል» አሉ አያ ሰይድ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ፈለጉ። አገላበጡ። ከዚያ ቀና አሉ። «እስከ ታች ሳር ነው!»

«የባሕር ሳር ነው፣ አያ» አለች እትየ ዘሀራ።

«ለመሆኑ ሳር ከመካነ ሰላም ጠፍቶ ነው በአውሮፕላን ሳር ጭነሽ የመጣሽው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ የሻሿን ጫፍ ነክሳ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ያ አሳሳቋ ዛሬም አይጠፋኝም። ሰው ሲስቅባት ከሳቂዎቹ ጋር ትቀላቀልና ማን በማን እንደሳቀ ይጠፋል።

ከዚያ ነገረችን። የሠራችበት ቤት ባሕር ዳር ነው። የቤቱ አሮጊት፣ «ማማ» የምትላቸው፣ አሸዋ ላይ አትክልት የሚያለሙ ሴት ነበሩ። ባሕሩ ዳር የጣለውን ሳር ሰብስበው፣ አጥበው፣ ጣሪያ ላይ አድርቀው፣ ገሚሱን ከፍግ ጋር ቀላቅለው ይቀብሩታል፤ ገሚሱን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈው ውሃውን ለአትክልቱ ያጠጡታል። በዚያ አሸዋ ላይ ሮማን ያብባል፣ ሽንኩርት ይወፍራል። አንድ ቀን ማማ ለእትየ ዘሀራ አንዲት መደብ ለይተው ሰጧትና «ይችን አንቺ አብያት» አሏት። እትየ ዘሀራ እዚያ አገር የራሴ የምትለው ነገር ያች መደብ ብቻ ነበረች።

«አሸዋን ያበላ ሳር የእኛን አፈር ያቅተዋል?» አለችን። «እኔ ሁለተኛ የሰው ቤት ላልመለስ ነው የመጣሁት። ጓሮውን ስጠኝ፣ አያ።»

አያ ሰይድ ጓሮውን አልከለከሏትም። ግን የቤቱ ኑሮ የቆመው እሷ በምትልከው ነበር። ትልቁ ልጃቸው ባጃጅ በብድር የገዛው የእሷን እጅ ተማምኖ ነው። ስለዚህ እንዲህ አሉ፦ «እስከ ረመዳን ሞክሪው። ጓሮሽ አንቺንና ልጅሽን ከቻለ፣ አልሐምዱሊላህ። ካልቻለ የማማሽ ልጆች ቪዛውን እንልካለን ብለዋል፤ አንድ ዙር ብቻ ሄደሽ ትመጫለሽ።»

አንድ ዙር ምን ያህል እንደሚረዝም ሐያት ታውቃለች። ጥግ ተቀምጣ አዲሱን ጫማ ሳትለካው እጇ ላይ ይዛው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እትየ ዘሀራ በቀጭን እጇ ጓሮውን ቆፈረች፤ ድንጋዩን ለቀመች፤ መደብ ሠራች። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር ዘራች። ውሃ ስታጠጣ «ሹወይ፣ ሹወይ» ትላለች፤ በዐረብኛ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሕፃናት «እትየ ሹወይ» አሏት። ስሙን ወደደችው። አንድ ሰው ሲቸኩል፣ ወይም እኔና ሐያት ለፈተና ስንርበተበት ካየች፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆና «አብሽሩ፣ ሹወይ ሹወይ፤ ሥር ሳይዝ የለመለመ የለም» ትለን ነበር። ሰላም ስትባል መልሳ የምትጠይቀው «በላችሁ?» ብላ ነው። ለሰውም ለአትክልትም የምታስበው አንድ ዓይነት ሐሳብ ነበር፤ ማን እንደጠገበ፣ ማን እንደራበው።

አሁን ወደ ስሕተቷ ልምጣ። ከእኛ አገር ሰው በቀር ማንም የሚሠራው አይመስለኝም።

ማማ ሳሩን ሁልጊዜ ያጥቡት እንደነበር እትየ ዘሀራ አይታለች። እሷ የያዘችው ግን በችኮላ ከባሕሩ ዳር እንደተሰበሰበ የደረቀ ነበርና ጨዉ እላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ልታጥበው በርሜሉን ሞላች፤ ከዚያ ጨዉን በምላሷ ቀመሰችና እጇ ታሰረ። በእኛ አገር ጨው አይደፋም። ጨው የደፋ ልጅ ይቆነጠጣል። የከብቱ አሞሌ እንኳን ተልሶ ሲያበቃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ከብት ጨው ሲልስ ጠጉሩ እንደሚያበራ የማያውቅ የለም።

«እነሱ ባሕሩ ደጃቸው ነው፤ ጨው ምናቸው ነው?» አለች ለእናቴ። «እኔ ይኸን በረከት አጥቤ መሬት ላይ ልድፋ?»

እናቴም ተስማማች። «ከብትን ያወፈረ ጎመንን ምን ያደርገዋል? ተይው ይግባ።»

ሳይታጠብ ገባ። ሳይታጠብ ተዘፈዘፈ። ቡቃያው መጀመሪያ ደኅና ነበር። ኋላ የካሮቱ ጫፍ ቡናማ ሆነ፤ ሰላጣው በእሳት የተለበለበ መሰለ፤ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፋ። መደቡ ላይ ነጭ ነገር እንደ አመዳይ ወጣ። እትየ ዘሀራ ራበው ብላ የበርሜሉን ውሃ ጨመረችለት፤ ይባስ ጠወለገ።

ሰፈሩ ወሬ አገኘ። «የባሕር ነገር ደጋ ላይ አይሆንም» ይላል አንዱ። «የዐረብ ሳር ስለሆነ አማርኛ አልገባው ብሎ ነው» ይላል ሌላው። እትየ ዘሀራ አብራ መሳቋን አልተወችም፤ ግን የሻሿን ጫፍ የምትነክሰው ሳትስቅም ሆነ።

የግብርና ባለሙያውን ደምሴን የጠራችው ሐያት ናት። ደምሴ ገና ወጣት ነው፤ ሞተር ሳይክሉን አጥር ላይ አስደግፎ ገባና መደቦቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ተንበርክኮ ነጩን ነገር በጣቱ ነካና ቀመሰው።

«ምን ትቀምሳለህ፣ ልጀ? ወጥ መሰለህ?» አለችው እትየ ዘሀራ።

«ወጥ ቢሆንማ ጨው በዝቶበታል ብዬ እመልሰው ነበር» አላት። «እትየ፣ ሳሩ ምንም አላደረገም። የገደላቸው ጨዉ ነው። በጋ ላይ ነን፤ አጥቦ የሚያወርደው ዝናብ የለም፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ሥሩ ላይ ይቀራል። ቆስጣውንና ቀይ ሥሩን ተመልከቺ፤ ምንም አልሆኑም። የእነሱ ዘር መሠረቱ የባሕር ዳር ስለሆነ ጨው ይችላሉ። ሽንኩርትና ካሮት አይችሉም።»

እትየ ዘሀራ ዞራ ቆስጣውን አየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ማማ ሲያጥቡት እያየሁ! እኔ እኮ ንፉግነት መስሎኝ ነው መድፋት የፈራሁት። ያረቢ፣ በስስት ገደልኳቸው!»

«ሁሉም አልሞቱም። ንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አጠጪያቸው፣ ጨዉ ወደ ታች ይውረድ። የቀረውን ሳር እጠቢ። ደግሞ ይኸ ሳር ብቻውን ቀለብ አይሆንም፤ ፍግና ብስባሽ ይፈልጋል። እሱ የሚጨምረው ትንሽ ትንሽ ነገር ነው፤ ሥር ያበረታል፣ ድርቅና ብርድ ያስችላል።»

«ቅመም ነው በለኛ» አለች።

ደምሴ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «አዎ፣ ቅመም ነው።»

«እኔ ደግሞ በቅመም ብቻ ወጥ ልሠራ ነበር፤ ያውም ጨው አብዝቼ!»

ከዚያ በኋላ ይኸን ለሁሉም ሰው ትናገር ነበር። ስሕተቷን የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ገበያ ላይ እንኳን፣ ስለ ጓሮዋ ለጠየቃት ሁሉ መጀመሪያ የምታወራው ሽንኩርቷን በጨው እንዴት እንደገደለችው ነው። እናቴ «ምነው ለሰው ሁሉ ታወሪዋለሽ?» ስትላት፣ «ሌላው እንዳይገድል ነዋ፤ አንድ ሰው የከፈለበትን ትምህርት ሁለተኛ ሰው ለምን ይከፍልበታል?» አለቻት።

ሳሩ ታጠበ። ግን የታጠበበትን ጨዋማ ውሃ ልትደፋው አሁንም አልሆነላትም። በገንዳ አጠራቀመችው። የአያ ሰይድ በሬ ገመዱን በጥሶ መጥቶ ገንዳውን ጭልጥ አደረገው። በማግሥቱ ሁለተኛው በሬ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ አያ ሰይድ ራሳቸው ጀሪካን ይዘው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ያ ውሃሽ አለ?»

«የትኛው ውሃ፣ አያ?»

«ያ የሚሸተው። ገለባው ላይ ስረጭላቸው ይበላሉ።»

«ሳር በአውሮፕላን አይጫንም ስትል አልነበር?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። በሬው ምን አለ?»

ጀሪካኑን ሞላችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ሰይድ በጓሮው በኩል ሲያልፉ መደቦቹን በጎን ዓይናቸው ያዩ ነበር። ስለ ረመዳኑ ቃላቸው ግን አንድም ቀን አላነሡም፤ አልሻሩትምም።

አንድ ቀን ደግሞ የሰፈራችን አሮጊት እማማ ፋጡማ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ሳሩ ከዐረብ አገር መምጣቱን ሰምተው «ከመካ ወገን የመጣ ነው አሉ፤ ለጉልበቴ ትንሽ ስጪኝ» አሏት። እትየ ዘሀራ ብትሰጣቸው ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰለፍ ነበር፤ የሚከፍልም አይጠፋም ነበር። እሷ ግን እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«እማ፣ ይኸ ዘምዘም አይደለም። ዓሣ የሚተኛበት ሳር ነው፤ ለጎመን ነው። ለጉልበትዎ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ጤና ጣቢያም አብሬዎት እሄዳለሁ። ውሸት ግን አልሰጥዎትም።»

እማማ ፋጡማ ቅር አላቸው። ቆስጣ በእቅፋቸው ሞልታ ሸኘቻቸው፤ በማግሥቱም እንዳለችው ጤና ጣቢያ ይዛቸው ሄደች።

አትክልቱ ተነሣ። እንደገና የተዘራው ካሮት በቀለ፤ ከጨው የተረፈው ሽንኩርት ቀጥ አለ። ጎመኑ ሲጠቀለል ቅጠሉ ወፍራም፣ ደንዳና ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ላይ የእትየ ዘሀራ ቆስጣ ቶሎ ያልቃል ተባለ። ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ጓሮ መግባት ጀመረች። ሁለቱም ብዙ አያወሩም፤ ጎን ለጎን ያርማሉ። አንዴ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሐያት «ይኸስ ምኑን ራበው?» ብላ ስትጠይቅ፣ እትየ ዘሀራ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ስታስረዳት ሰማሁ። በስልክ ያላወሩትን የዓመታት ወሬ በቢጫ ቅጠል ላይ የሚያወሩት ይመስል ነበር።

ችግሩ የሻንጣው ሳር ማለቁ ነው። እትየ ዘሀራ ግን አስቀድማ አስባበታለች። «የባሕር ዳር ሰው ባሕር የጣለለትን ያነሣል» ትላለች። «እኛስ ወንዝ የጣለልንን ብናነሣ?» ወንዝ ወርዳ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴውን ለምለም ነገር በጆንያ አመጣች። ሳማ አጨደች፤ እጇ ተለበለበ። እያንዳንዱን በየበርሜሉ ዘፍዝፋ በየመደቡ ለየብቻ ሞከረችው። «እንደ ባሕሩ ባይሆንም ይሠራል» አለች፤ ከዚህ አብልጣ አላጋነነችም። ሽታው ግን ከባሕሩ ባሰ። እናቴ በዚያ ሰሞን ልብስ የምታሰጣው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታ ነበር።

ረመዳን ሲቃረብ በረዶ ወረደ።

የበልግ በረዶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ጠቆረና ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ተመታ። ሲያባራ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ጓሮው ነጭ ነበር። ጎመኑ ተበሳስቷል፤ ሰላጣው ጭቃ ሆኗል፤ ቆስጣው ግንዱ ብቻ ቀርቷል። እትየ ዘሀራ መሐል ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ አንዱን የቆስጣ ጉቶ ነካች፤ ትታው ወደ ሌላው ሄደች።

አያ ሰይድ መጡ። ሳይቆጡ ነው የተናገሩት፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እህቴ፣ ሞክረሻል። አላህ ካላለው ምን ይደረጋል? ጉዞሽን የሚያስጨርሰው ደላላ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላል፤ ቪዛው መጥቷል።»

«እሺ፣ አያ» አለች። «ሌላ ካላገኘን እሄዳለሁ።»

ያን ማታ ሐያት እኛ ቤት መጣች። እናቴ እራት ስታቀርብላት አልበላችም። «ደግሞ በስልክ ልታሳድገኝ ነው» አለች።

እትየ ዘሀራ ግን እሺ ብላም ሥራዋን አልተወችም። ደምሴ መጥቶ የተቀደደውን ቅጠል ቁረጪ፣ ልቡን ተይው አላት። ቆረጠች። ከሻንጣው የቀረውን የመጨረሻውን የባሕር ሳር ዘፈዘፈች፤ ውሃው ቀጭን ሻይ እስኪመስል አቅጥና በየሥሩ አጠጣች። ለአያ ሰይድ ይኸ የማይገባ ነገር ነበር።

«ለሚሞት ታጠጫለሽ?»

«የሚሞት አይጠጣም፣ አያ። ይኸ እየጠጣ ነው።»

ዓርብ ደረሰ። እትየ ዘሀራ አባያዋን አጥባ ለብሳለች። ፓስፖርቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሐያት በሩ ላይ ተቀምጣለች። እኔና እናቴ ልንሰናበታት ይሁን ልናጽናናት ሳናውቀው ገባን። አያ ሰይድ ከመስጊድ በጓሮው በኩል ተመለሱ፤ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ጓሮው ውስጥ ቆሙ። በመስኮቱ አየናቸው፤ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተንበረከኩ። ነጭ የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰው ጭቃው ላይ።

ሁላችንም ወጣን።

ከቆስጣው ጉቶ መሐል ቅጠል ወጥቷል። ትንሽ፣ የተጨማደደ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ። ከአንዱ ብቻ አይደለም፤ በመደቡ ሁሉ ላይ። ሽንኩርቱ ከተሰበረው ቅጠል ሥር አዲስ ጦር አውጥቷል። አያ ሰይድ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ያረሱ ሰው ናቸው። በጣታቸው አፈሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን አዩ። ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ሥር ነበር። ካሮቱንና ቀይ ሥሩንም ነቅለው አዩ፤ በረዶው ያገኘው ቅጠሉን ብቻ ነው፤ ከታች ያለው ደኅና ነበር። አፈሩን መልሰው በጥንቃቄ አለበሱት።

ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚከብዳቸው ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«እሺ፣ አያ ሰይድ! እህትዎ ተዘጋጀች? ቪዛው አይጠብቀንም፤ ዛሬ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

አያ ሰይድ መጀመሪያ እህታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሐያትን።

«አትሄድም» አሉ።

«እንዴ! ምነው?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«የት ተቀጠረች?»

«አልተቀጠረችም።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ ስትጠራ ግን የገበሬ ሚስት፣ የገበሬ እህት ነው የምትባለው። ስሙ የዕርፍ ያዡ ነው። አያ ሰይድ በጭቃ የተለወሰ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው ደላላው ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ይመስል ጮክ አሉ።

«ገበሬ ናት!»

«ሴቷ?» ደላላው ሳቀ።

«አዎ፣ ሴቷ። የባጃጁን ዕዳ እኔና ልጄ እናውቃለን። በል፣ ሰላም ዋል።» ዘጉት።

እናቴ «እፎይ!» አለች፣ ከሆዷ፤ ሐያት መደቦቹ መሐል ቁጭ ብላ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። እትየ ዘሀራ ቀስ ብላ አባያዋን አወለቀች፤ አጣጥፋ ለእናቴ አስያዘቻት፤ ከሥር የለበሰችውን የሥራ ቀሚስ ያን ጊዜ አየነው። እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አያ፣ እዚያ ተንበርክከህ መደቤን አትርገጥብኝ» አለች። «ከተነሣህ ደግሞ ባልዲውን አቀብለኝ።»

አያ ሰይድ ተነሡና ባልዲውን ሊያመጡ ሄዱ።